የመጨረሻው ክፍል ለምን አናደዳችሁ?

 

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ሰሞኑን አንድ ወንድም በውስጥ መስመር ረዥም መልዕክት ላከልኝ። ርዝመቱን ሳይ የፍቺ ወይም የውርስ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ጉዳዩ ግን "ሎስት" የሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ እያየ ስድስቱንም ሲዝን ጨረሰ፤ በመጨረሻው ክፍል ተናደደና እንቅልፍ አጣ። "ኡስታዝ፣ ይሄ ሁሉ እንቆቅልሽ ተከፍቶ መልስ ሳይሰጠው እንዴት ይዘጋል?" ይላል። ቀጥሎም አንዲት መስመር ጨምሯል፦ "የልጅ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ለምን ይሄን ያህል አናደደኝ?"

ድራማ የማየትን ብይን ዛሬ አላነሳም፤ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን ኢንሻአላህ። ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ግን የልጅ ነገር አይደለችም። ሳስባት ሰነበትኩ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሎስት ኤቢሲ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 የተላለፈ፣ 121 ክፍል ያለው ድራማ ነው። ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚበር አውሮፕላን ሰው በማያውቃት ደሴት ላይ ይወድቃል። የተረፉት መንገደኞች እዚያው ይቀራሉ፤ ደሴቲቱ ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ጥያቄ ትወልዳለች። በሙቀት አገር ጫካ ውስጥ የበረዶ ድብ ይገኛል። መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት በር አለ። በየ108 ደቂቃው ካልተጫኑት ዓለም ይጠፋል የተባለ ቁልፍ አለ። በየሄዱበት የሚከተሏቸው ስድስት ቁጥሮች አሉ፦ 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23፣ 42። ደምሯቸው፣ 108 ይመጣል። ተመልካቹ ይህን ሲያገኝ "እነዚህ ሰዎች የሚሠሩትን ያውቃሉ" ብሎ ልቡን ሰጠ።

(ያላያችሁት ካላችሁ አሁን መጨረሻውን ልነግራችሁ ነው። ወደ 85 ሰዓት ገደማ አተረፍኩላችሁ።)

የመጨረሻው ክፍል የተላለፈው እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2010 ሲሆን ከነማስታወቂያው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። በስድስተኛው ሲዝን ሁሉ ከደሴቲቱ ታሪክ ጎን ለጎን ስናየው የነበረው ሌላ ኑሮ፣ ለካስ ከሞት በኋላ ያለ መገናኛ ቦታ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ በሩ ይከፈታል፣ ብርሃን ይሞላል፣ አለቀ። ብዙ ሰው "ታዲያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሞተው ነበር ማለት ነው?" ብሎ ጮኸ። ታሪኩ እንደዚያ አይልም። በደሴቲቱ የሆነው በእርግጥ የሆነ ነው፤ እያንዳንዱም በራሱ ጊዜ ነው የሞተው። ነገር ግን ጣቢያው ከታሪኩ ማብቂያ በኋላ፣ ስሞቹ ሲያልፉ፣ የአውሮፕላኑን ስብርባሪ ባዶ ባሕር ዳርቻ ላይ አሳየና ግራ መጋባቱን አባሰው።

እንግዲህ ንዴቱን እንመርምረው። ቁጥሮቹ ከሰዎች ስም ጋር እንደሚያያዙ ተነገረን፤ ለምን እነዚያው ቁጥሮች እንደሆኑ ግን ድራማው ራሱ ሳይነግረን አለቀ። ዋልት የሚባለው ሕፃን ከሌላው ልጅ በምን እንደሚለይ እያጓጉን ቆይተው ልጁ ከታሪኩ ወጣ። ምክንያቱን ታውቃላችሁ? በደሴቲቱ ላይ ገና ቀናት ሲቆጠሩ ተዋናዩ ልጅ በእውኑ ዓለም እየረዘመ፣ ድምፁ እየጎረነነ ሄደ። ጥያቄው የተተወው የልጁ ቁመት ስላስቸገረ ነው።

የአሜሪካ ቴሌቪዥን በዚያ ጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነበር፦ ተመልካች እስካለ ድረስ ታሪኩ አያልቅም። ጸሐፊዎቹ፣ ዴመን ሊንደሎፍና ካርልተን ኪዩስ፣ ታሪኩ መቼ እንደሚያልቅ ከጣቢያው ጋር የተስማሙት ሦስተኛው ሲዝን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እስከዚያ ድረስ በሩን ሲከፍቱ የነበሩት የመንገዱን ርዝመት ሳያውቁ ነበር። ይህን ስላችሁ ሰዎቹን ለመስደብ አይደለም። በነገራችን ላይ ሰው ለሦስት ዓመት ያህል ሊንደሎፍን በትዊተር ሲሰድበው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ትቶት ወጣ። ድራማው አልጣመኝም ብሎ የማያውቁትን ሰው በየቀኑ መስደብ የኛ አደብ አይደለም። የወደዳችሁትን ቡድን ተጫዋችና የጠላችሁትን ዘፋኝም ይጨምራል፣ ትሰሙኛላችሁ?

የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ የተናደዳችሁት ነፍሳችሁ ትክክል ስለሆነች ነው። የሰው ልጅ ፊጥራ የተከፈተ ነገር እንዲዘጋ፣ የተበደለ እንዲካስ፣ የተጠየቀ እንዲመለስ ይፈልጋል። አላህ እንዲያ አድርጎ ነው የፈጠረን። ችግሩ ያን የሚያህል ጥማት ውኃው የት እንዳለ ለማያውቅ ተራኪ መስጠታችን ላይ ነው። እሱ እስከ መቼ እንደሚጽፍ አያውቅም፣ ተዋናዩ ምን ያህል እንደሚረዝም አያውቅም፣ ጣቢያው መቼ እንደሚያባርረው አያውቅም። የእናንተ ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። ሰማያትና ምድር ከመፈጠራቸው 50,000 ዓመታት በፊት የፍጡራን ሁሉ መጠን እንደተጻፈ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ መጥቷል። ዛሬ ያስለቀሳችሁ ነገር ከዚያ ጽሑፍ ውጪ የተሰካ ምዕራፍ አይደለም።

ዛሬ ጁሙዓ ነውና ሱረቱል ከህፍን የምትቀሩ ትኖራላችሁ። ይህን ጉዳይ ከሱ በላይ የሚያስተምር አላገኘሁም።

በሲራ መጻሕፍት እንደሚተረከው (በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ንግግር አላቸው) ቁረይሾች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ነገር ጠየቁ፦ ስለ ጥንት ወጣቶች፣ ምድርን ስላካለለ ተጓዥና ስለ ሩሕ። እሳቸውም ነገ እነግራችኋለሁ አሉ። ወሕይ ግን ለ15 ቀን ሳይመጣ ቆየ። የመካን ወሬ አስቡት! ከዚያ መልሱ ወረደ። የወጣቶቹ ታሪክ በስፋት ተነገረ፤ የዙልቀርነይንም እንዲሁ። ስለ ሩሕ የወረደው መልስ ግን በሱረቱል ኢስራእ ውስጥ ነው፤ እሱም ጉዳዩ የጌታዬ ነው፣ እናንተ የተሰጣችሁ እውቀት ጥቂት ነው የሚል ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ተመለሱ፤ አንዱ በዕውቀት ባለቤት ዘንድ ቀረ።

ከተመለሱት ውስጥም ቢሆን የቀረ አለ። የዋሻው ሰዎች ስንት ነበሩ? ሱራው የሰዎችን ግምት ይዘረዝራል፤ ሦስት ናቸው ያሉ አሉ፣ አምስት ያሉ አሉ፣ ሰባት ያሉ አሉ፣ ውሻቸውንም እየጨመሩ። ከዚያ ቁጥራቸውን ጌታዬ ያውቃል፣ በዚህም አትከራከሩ ተብሎ ተዘጋ። ምን ያህል ዓመት ተኙ? ይህ ተነገረ፦ 300፣ ዘጠኝም ተጨመረ። አያችሁ፣ የተዘለለው ተራኪው ስላላወቀው አይደለም። የወጣቶቹ ቁጥር ለኢማናችሁ ምንም አይጨምርም፤ አላህ ሙታንን እንደሚቀሰቅስ ማወቅ ግን ይጨምራል። ያላወቀውን የሸፈነና እያወቀ የተወ በጣም ይለያያሉ።

አሁን ወደ ሙሳና ወደ ኸድር (ዐ.ሰ) እንምጣ። ይሄኛው ላይ ቆየት እንበል።

ሙሳ (ዐ.ሰ) አላህ ያናገራቸው ነቢይ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ሊማሩ ረዥም መንገድ ሄዱ። ኸድር የጣሉባቸው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፦ እኔ ራሴ እስክነግርህ አትጠይቀኝ። ጀልባዋ ተቀደደች፤ ሙሳ ጠየቁ። ልጁ ተገደለ፤ ጠየቁ። ያልተቀበላቸው ሰፈር ውስጥ ሊወድቅ የደረሰ ግድግዳ ያለ ክፍያ ተቃና፤ ለዚህም ዝም ማለት አልቻሉም። በዚያው ተለያዩ። ከመለያየታቸው በፊት ግን ሦስቱም ተመለሱ፣ አንድም ሳይቀር።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውላት ነገር አለች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ታሪክ ነግረው ሲጨርሱ ሙሳን አላህ ይዘንላቸው አሉና፣ ታግሰው ቢሆን ኖሮ የሁለቱን ነገር የበለጠ በተነገረን ብለው ተመኙ። ሱብሓነላህ! ታሪኩ ቢቀጥል ብሎ መመኘት የማንም ተመልካች ስሜት ብቻ አይደለም። እሳቸውም ተመኝተውታል። የተሰጣቸውን ግን በምስጋና ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ የምለው የራሴ ማስተንተን እንጂ ተፍሲር አይደለም፣ እንደዚያው ውሰዱልኝ።

ይህን ሱራ ስንቀራ ራሳችንን ሁልጊዜ ሙሳ ቦታ ላይ እናስቀምጣለን፤ አጠገብ ቆሞ የሚጠይቀው፣ በመጨረሻም መልስ የሚነገረው ሰው ማለት ነው። እስቲ ጀልባዋ ውስጥ ግቡ። ባለቤቶቿ በባሕር ላይ ሠርተው የሚያድሩ ድሆች ናቸው። በሐዲሱ እንደመጣው ኸድርን ስላወቋቸው ሁለቱንም ያለ ክፍያ ጫኗቸው። መልካም ሠሩ። ለመልካምነታቸው ያገኙት ደግሞ የተነቀለ ሳንቃ ነው። እንጀራቸው ጀልባዋ ናት። ማንም ቁጭ ብሎ "ወደፊት ደህናውን ጀልባ ሁሉ በግፍ የሚነጥቅ ንጉሥ አለ" ብሎ እንደነገራቸው አልተጠቀሰም። ለእነሱ መልሱ ጊዜ አልወሰደም፤ ንጉሡን ሲያልፉ ጀልባቸው ተረፈች፣ ጠግነውም ተጠቀሙባት።

የግድግዳው የቲሞች ግን ዓመታት ጠብቀዋል። ከግድግዳው ሥር የአባታቸው ሀብት እንዳለ የሚያውቁት አድገው ነው። ማን ግድግዳውን እንዳቃናው ምናልባት ዕድሜ ልካቸውን ላያውቁ ይችላሉ።

የልጁ ወላጆችስ? አማኞች ነበሩ። ልጃቸው አደገ፣ ከዚያ ሞተ። አላህ የተሻለ ሊተካላቸው እንደፈለገ እኔና እናንተ እናውቃለን፤ በየጁሙዓው እንቀራዋለን። እነሱ ግን ይህን እንደሰሙ የሚነግረን የለም። የቀበሩት ልጃቸውን ነው። ምናልባት መልሱን የሚሰሙት አኼራ ላይ ነው።

አንዱ መልስ በቀናት መጣ፣ ሌላው በዓመታት፣ ሦስተኛው ምናልባት ከዱንያ በኋላ። ታሪኩን የሚያውቀው ግን አንድ ጌታ ነው። አንተ በ12ኛ ክፍል ፈተና አንድ ነጥብ ጎድሎህ የቀረኸው ወንድሜ፣ አንቺ ኒካሑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የተሰረዘብሽ እህቴ፣ የምታጣጥሩት ጀልባው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ሊሆን ይችላል። ሳንቃው ሲነቀል አይታችኋል። ንጉሡ ገና አልታያችሁም።

እዚህ ላይ ግን አደራ። የጀልባውን ባለቤት አጽናኑ እንጂ ኸድር አትሁኑ። ታዕዚያ ቤት ገብቶ ልጇን ለቀበረች እናት "ቢያድግ ኖሮ ያስቸግርሽ ነበር" የሚል ሰው አለ፤ ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኸድር ያደረጉትን ሁሉ በራሴ ፈቃድ አላደረግኩትም ብለዋል፤ ከአላህ ተነግሯቸው ነው። ለእኛ አልተነገረንም። ሒክማ እንዳለው እናምናለን፤ ሒክማው የትኛው እንደሆነ ግን መገመት የኛ ሥራ አይደለም። ኢስቲርጃዕ አድርጉ፣ እጇን ያዙ፣ ሳህን እጠቡላት። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል፤ ጌታችንን የሚያስከፋ ቃል አልተናገሩም እንጂ።

ወደ ድራማው ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም የብዙ ሰው ንዴት ከቁጥሮቹ የመጣ ቢመስለውም እኔ ሌላ ነገር ይታየኛል። ያቺ ብርሃን የሞላባት ክፍል ውስጥ ሒሳብ የለም።

ሰኢድ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ ታስታውሳላችሁ። ኢራቃዊ ነው፣ የሪፐብሊካን ጋርድ ወታደር የነበረ፣ ሥራው እስረኛ ማሰቃየት። (መቼም ሙስሊም ገጸ ባሕርይ ሲያስፈልጋቸው ሌላ ሙያ አይታያቸውም።) በሦስተኛው ሲዝን ውስጥ ፓሪስ ሆኖ የሚታይበት አንድ ክፍል አለ። አሚራ የምትባል ሴት ታገኘዋለች፤ ክንዷ በቃጠሎ ጠባሳ የተሸፈነ ነው። አሠቃይተኸኛል ትለዋለች። መጀመሪያ ይክዳል። በኋላ ግን እያለቀሰ ያምናል፣ ፊቷንም እንዳልረሳ ይነግራታል። እሷም ይቅር ትለዋለች። ከጠቅላላው ድራማ ከልቤ ያልወጣው ይህ ነው። አንድ በዳይና አንዲት ተበዳይ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሀቅ በስሙ ተጠራ።

በመጨረሻው ክፍል ግን ሰኢድ ከሚወዳት ሴት ጋር ወደ ብርሃኑ ይገባል፤ ሌሎቹን ያሠቃያቸውን ሰዎች የጠየቀለት የለም። በቤተ ክርስቲያኑ መስታወት ላይ የስድስት እምነቶች ምልክቶች ተሥለዋል፣ የኛ ነው የሚሉት ጨረቃና ኮከብም አለበት። ሁሉንም ጋበዙና ሚዛኑን ውጪ ትተውት ገቡ። ሱረቱ ዘልዘላህን ለቀራ ሰው ይህ አይዋጥለትም፤ የብናኝ ክብደት ያህል መልካምም ክፉም ይታያል ተብሎ ተነግሮታልና። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙፍሊስ፣ ማለትም የከሰረ ሰው፣ ማን እንደሆነ ሶሓቦችን የጠየቁበትን ሐዲስ ሙስሊም ዘግበውታል። ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ ይመጣል፤ ግን አንዱን ሰድቧል፣ የአንዱን ገንዘብ በልቷል፣ አንዱን መትቷል። መልካም ሥራው ለእነሱ ይከፋፈላል፤ ሲያልቅ ደግሞ የእነሱ ኃጢአት እሱ ላይ ይጫናል። ያላለቀ ጉዳይ ይዞ ብርሃን ውስጥ መግባት የለም።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ይህ የተሰማቸው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ቤን የሚባለውን ከውጪ አስቀምጠውታል። ቤን ሰው የገደለ፣ የዋሸ፣ ያታለለ ሰው ነው። ሎክን የገደለውም እሱ ነው። በመጨረሻው ክፍል ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቁጭ ብሎ ሎክን ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሎክም ይቅር ይለዋል። ግባ ሲባል ግን ገና የምጨርሰው ነገር አለኝ ብሎ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ሁሉ እቅፍና ፈገግታ መሐል የሒሳብን ክብደት ያወቀ እሱ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ቤን ከሞተ በኋላ ጊዜ ተሰጥቶታል። እኛ ዘንድ እንደዚያ ያለ ወንበር የለም። በርዘኽ ጉዳያችንን የምንጨርስበት መቆያ ክፍል አይደለም። ይቅርታ የሚጠየቀው ዲናርም ዲርሃምም የማይጠቅምበት ቀን ከመምጣቱ በፊት እንደሆነ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ተነግሮናል። ሥራ የሚመዘነው በፍጻሜው እንደሆነም እንዲሁ። ይህ የሚያስፈራም የሚያጽናናም ነገር ነው። አምስት ሲዝን ያበላሸ ሰው ስድስተኛውን ሊያስተካክል ይችላል፤ ስንተኛው ላይ እንዳለ ግን ለማንም አልተነገረውም።

ስለዚህ ዛሬ ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው። ይህንን እያነበባችሁ አንድ ስም ትዝ ያላችሁ ካለ፣ ያልመለሳችሁለት ብር፣ በግሩፕ ውስጥ ያዋረዳችሁት ልጅ፣ ከጠባችሁ ወዲህ ያላናገራችሁት ወንድም፣ እሱን ነው የምለው። ጽሑፉን ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ለሱ ደውሉ። ላያነሳ ይችላል፤ ያኔ መልዕክት ተውለት።

ሱረቱል ከህፍ 110 አያ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚቀራም ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። ስልሳኛው አያ ላይ ስትደርሱ፣ ሙሳ መንገድ የሚጀምሩበት ነው፣ ትንሽ ቀስ በሉ።

አላህ ፍጻሜያችንን ያሳምርልን። ወላሁ አዕለም።